ያረጁና ቀርፋፋ የኮንፊገር ፍተሻዎችን እንዴት እናጽዳ? ከመለካት እስከ መሰረዝ

ማሽናችሁ 16 ኮር አለው እንበል። ኮዱን ኮምፓይል አድርጎ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ግን ከዚያ በፊት «ኮንፊገር» የሚባለው ስክሪፕት ተርሚናሉ ላይ መስመር በመስመር የሚያወርደው ጥያቄ አለ። ስትሪንግ ዶት ኤች አለ? አለ። ኮምፓይለሩ «ኮንስት» የሚለውን ቃል ያውቃል? ያውቃል። ሜምሙቭ አለ? አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚሠራው አንድ ኮር ነው። አሥራ አምስቱ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ።

የሚያናድደው፣ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከታወቀ ስንት ዘመኑ። ስትሪንግ ዶት ኤችም፣ ኮንስትም፣ ሜምሙቭም በ1989 በወጣው የሲ ስታንዳርድ ውስጥ አሉ። እነሱ የሌሉበት ኮምፓይለር ቢገኝ የእናንተ ኮድ ሌላ ሃያ ቦታ ላይ ይወድቅበታል። መልሱ «የለም» ቢሆን እንኳ የምታደርጉት ነገር የለም። ታዲያ ለምን እንጠይቃለን?

ይህን የጻፍኩት በዋናነት አውቶኮንፍን፣ ማለትም ኮንፊገር ስክሪፕቱን የሚያመነጨውን መሣሪያ፣ ለሚጠቀሙ የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶች ነው። ወደ መጨረሻው ሲሜክና ሜሶን ለሚባሉት ሌሎች የቢልድ መሣሪያዎች ተጠቃሚዎችም የሚሆን ነገር አለ። የፋይሎችንና የትእዛዞችን ስም እንደሚነበቡ በፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በላቲን ነው፣ በማክሮ ስሞች መሃልም የግርጌ ሰረዝ ይገባል።

ዝርዝሩ ከየት መጣ?

ዴቪድ ማከንዚ አውቶኮንፍን በ1991 ሲጀምረው ችግሩ የምር ነበር። ዩኒክስ የሚባል አንድ ነገር አልነበረም። ሳንኦኤስ፣ አልትሪክስ፣ ኤአይኤክስ፣ ኤችፒ ዩኤክስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው። የሲግናል ሃንድለር በአንዱ ሲስተም «ኢንት» ይመልሳል፣ በሌላው «ቮይድ»። የሳንኦኤስ 4 ሜምሲኤምፒ ከ127 በላይ የሆኑ ባይቶችን በትክክል አያወዳድርም ነበር። በሲስተሙ ስም ከመገመት ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ መሞከር ብልህ ሐሳብ ነበር። ዛሬም ብልህ ነው።

የተበላሸው ሐሳቡ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። ሰው አዲስ ፕሮጀክት ሲጀምር የፍተሻዎቹ ዝርዝር የሚጻፍበትን የድሮውን ኮንፊገር ዶት ኤሲ ገልብጦ ስሙን ይቀይራል። ከድሮው ያሉት ፍተሻዎች አብረው ይሄዳሉ። አውቶስካን የሚባለው መሣሪያም አለ። ሶርስ ኮዳችሁን ያነብና «ይህንን ብትፈትሹ» ብሎ ኮንፊገር ዶት ስካን የሚባል ፋይል ይሰጣችኋል። ማሎክ የሚል ቃል ካየ የማሎክ ፍተሻ ያስገባል። ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ብዙ ሰው ያንን ፋይል እንዳለ ወስዶ ይጠቀምበታል።

አንድ ፍተሻ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ኮንፊገር ኮንፍቴስት ዶት ሲ የሚባል ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ኮምፓይለሩን ይጠራል። ኮምፓይለሩ በተራው አሴምብለሩንና ሊንከሩን ይጠራል። ውጤቱ ኮንፊግ ዶት ሎግ ላይ ይመዘገባል። ፋይሎቹ ይሰረዛሉ። በመሃል ግሬፕና ሴድ ይገባሉ። ለአንዲት «አዎ» ይህን ያህል ፕሮሰስ ተወልዶ ይሞታል።

ሊኑክስ ላይ ፕሮሰስ መፍጠር ርካሽ ስለሆነ ብዙ አይሰማችሁም። ዊንዶውስ ላይ በሲግዊን ስትሠሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ፎርክ» የሚባለው ጥሪ ዊንዶውስ ውስጥ ስለሌለ ሲግዊን አስመስሎ ነው የሚሠራው። ይህ ደግሞ ከባድ ነው። ያው ስክሪፕት እዚያ ሲሮጥ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ሁለተኛው ጣጣ ስክሪፕቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ መሆኑ ነው። የኋላው ፍተሻ የፊቱን መልስ ሊጠቀም ስለሚችል ሥራውን ለኮሮቹ ማከፋፈል አይቻልም። ሜክ ላይ የምትሰጡት የዳሽ ጄ አማራጭ እዚህ ዋጋ የለውም። በውስጡ ሌሎች ንዑስ ፕሮጀክቶች ያሉበት ፕሮጀክት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎልደር ኮንፊገርን እንደገና ያስሮጣል። ጂሲሲን ራሱን ከሶርስ ቢልድ አድርጋችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ቡትስትራፕ ሲደረግ በሦስት ዙር ስለሆነ ያው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል።

እርምጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ለኩ

ኮንፊገርን በታይም ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አስሩጡ። የመጀመሪያውን ውጤት ጣሉት፣ ፋይሎቹ ገና ወደ ሜሞሪ አልገቡም። ሁለተኛውን ጻፉት። ቀጥሎ ሜክን በሁሉም ኮር አስሩጡና ጊዜውን ከጎኑ አስቀምጡ። ኮንፊገር ከሜክ በላይ ከወሰደ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

አሁን የትኛው ፍተሻ ጊዜውን እንደሚበላ እንይ። ሞርዩቲልስ በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ቲኤስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። የኮንፊገርን ውጤት በፓይፕ ወደ እሷ ላኩት፣ ዳሽ አይ የሚለውንም አማራጭ ጨምሩ። እያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት ካለፈው መስመር ወዲህ ያለፈው ጊዜ ይጻፋል። ያንን ከትልቁ ወደ ትንሹ ሶርት ስታደርጉት ቀርፋፋዎቹ ከላይ ይሰለፋሉ።

ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነገር ታያላችሁ። ከላይ ጥቂት ከባዶች ይቀመጣሉ። እነዚህ ፕሮግራሙን ሠርተው የሚያስሮጡ ወይም ሊብቱል የሚባለው የላይብረሪ መሥሪያ መሣሪያ የሚያመጣቸው ፍተሻዎች ናቸው። ከስር ደግሞ እያንዳንዳቸው ቀላል የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅኖች አሉ። ጥቃቅኖቹን አትናቁ። ሲደመሩ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኤስትሬስ በሚባለው መሣሪያ ስንት ጊዜ አዲስ ፕሮግራም እንደተጠራም ቁጠሩ። ጊዜ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ይህ ቁጥር ግን ብዙም አይዋዥቅም፤ ስለዚህ ከሥራው በፊትና በኋላ ለማወዳደር የተሻለ ሚዛን ነው።

እርምጃ 2፦ ጥያቄዎቹንና አንባቢዎቻቸውን አገናኙ

ይህ የሥራው ልብ ነው። ጊዜ ስጡት።

የፍተሻ መልሶች የሚጻፉት ኮንፊግ ዶት ኤች ውስጥ ነው። የስሞቹ ሙሉ ዝርዝር ደግሞ ኮንፊግ ዶት ኤች ዶት ኢን ውስጥ አለ። ከዚያ ፋይል ላይ በ«ሃቭ» የሚጀምሩትን ስሞች በሙሉ አውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ስም በሶርስ ኮዱ ውስጥ በግሬፕ ፈልጉ። ኮንፊገርን ራሱን፣ ኮንፊግ ዶት ኤች ዶት ኢንን፣ የፍተሻ ማክሮዎች የሚጻፉባቸውን የኤም4 ፋይሎችም ከፍለጋው አስወጡ። እነሱ ውስጥ ሁሌም ስለሚገኝ ያሳስታችኋል።

አንድም ቦታ ያልተገኘ ስም ማለት የሚጠየቅ ግን መልሱን ማንም የማያነበው ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩት ዝርዝሩ ያስደነግጣችኋል። እኔ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ስሠራው መጀመሪያ የግሬፕ ትእዛዜ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ፍለጋውን በተቃራኒው አቅጣጫም ሥሩት። ሶርስ ኮዱ ውስጥ «ሃቭ» የሚሉትን ሁሉ አውጡና ኮንፊግ ዶት ኤች ዶት ኢን ውስጥ መኖራቸውን እዩ። እዚያ የሌለ ካገኛችሁ፣ ያ ኮድ መቼም ኮምፓይል አይደረግም። ፍተሻው ድሮ ተሰርዞ ኮዱ ቀርቷል፤ ወይም ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቷል። የስም ስህተቱ የከፋ ነው። አንድ ፊቸር እንዳለ እያመናችሁ ለዓመታት ጠፍቶ ሊኖር ይችላል።

ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ስሞችን የሚያነበው የእናንተ ኮድ ሳይሆን የሲስተሙ ሄደር ነው። ጂኤንዩ ሶርስ እና ፋይል ኦፍሴት ቢትስ የሚባሉት እንደዚያ ናቸው። ግሬፕ አያገኛቸውም፣ ካጠፋችኋቸው ግን 32 ቢት ሲስተም ላይ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል መክፈት ሊያቅታችሁ ይችላል። ሌላው፣ አንዳንድ መልሶች የሚነበቡት ሜክፋይል ውስጥ ስለሆነ እዚያም ፈልጉ። ሦስተኛ፣ ጂኤንዩሊብ ከሚባለው የጋራ ኮድ ስብስብ የመጡ ፍተሻዎችን በእጅ አትነካኩ። የማያስፈልጋችሁን ሞጁል በጂኤንዩሊብ መሣሪያ በኩል አውጡት፤ ፍተሻው አብሮት ይሄዳል።

እርምጃ 3፦ የተነበቡትን ለዩ

የሚነበብ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በየፕሮጀክቱ የምታገኙት ነገር ይህን ይመስላል። ሃቭ ስትሪንግ ኤች እውነት ከሆነ ስትሪንግ ዶት ኤችን አስገባ ይላል። ካልሆነስ? ምንም። ከሃያ መስመር በኋላ ስትርሌን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይጠራል። ሄደሩ ባይኖር ኮዱ አይሠራም። እንግዲህ ይህ ጥያቄ ነው ወይ? ሌላ መንገድ ያልተዘጋጀለት ፍተሻ የስህተቱን መልእክት ከማዘግየት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ፍተሻውንም በኮዱ ውስጥ ያለውን ቅድመ ሁኔታም አንሱና ሄደሩን በቀጥታ አስገቡት።

ቀጥሎ ሌላ መንገድ የተዘጋጀላቸውን እዩ። እዚህ የምትጠይቁት «ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚሮጠው የትኛው ሲስተም ላይ ነው?» ብላችሁ ነው። የሲስተሙን ስም ጥሩ። ስም መጥራት ካልቻላችሁ፣ ያ ኮድ ተፈትኖ አያውቅም ማለት ነው። ያልተፈተነ ሁለተኛ መንገድ ደግሞ ዋስትና አይሆንም። አንድ ቀን ሲከፈት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ሚዛን ያለ ጭንቀት የሚወድቁትን ልጥቀስ። ኤሲ ሄደር ኤስቲዲሲ የ1989ኙ ስታንዳርድ ሄደሮች መኖራቸውን ይጠይቃል። ኤሲ ሲ ኮንስት ኮንስትን ይጠይቃል። ኤሲ ታይፕ ሲግናል ሃንድለሩ ኢንት ነው ቮይድ ይላል፣ ያም በ1989 ተወስኗል። ኤሲ ሄደር ታይም ሁለቱን የጊዜ ሄደሮች አንድ ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ያያል። ኤሲ ፈንክ ሜምሲኤምፒ ከላይ ያልኩትን የሳንኦኤስ ችግር እስከ ዛሬ ይፈልጋል። ኤሲ ፈንክ ቪፕሪንትኤፍም ከዚሁ ዝርዝር ነው።

ስለ ኤሲ ፈንክ ማሎክ ለብቻው ልናገር፣ ብዙ ሰው አስለቅሷል። የሚጠይቀው ማሎክ ዜሮ ሲሰጠው ባዶ ፖይንተር ይመልሳል ወይ የሚል ነው። መልሱን ለማወቅ ፕሮግራሙን ማስሮጥ አለበት። ለሌላ ፕሮሰሰር ቢልድ ስታደርጉ ግን ማስሮጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ይገምታል። ግምቱ ወደ መጥፎው ካደላ፣ ማሎክን በሙሉ አርፒኤል ማሎክ በሚባል ስም ይተካዋል። ያንን ፈንክሽን እናንተ ካልጻፋችሁት ሊንከሩ «አላገኘሁትም» ብሎ ይቆማል። ዜሮ ባይት የማይጠይቅ ኮድ ይህን ፍተሻ አይፈልገውም። አውጡት።

የሊብቱልንም ነገር እዩ። ሼርድ ላይብረሪ የማትሠሩ ከሆነ ኤልቲ ኢኒት የሚለው መስመር ለምን አለ? እሱን ማውጣት ብቻውን ረጅም ተከታታይ ፍተሻ ይቀንሳል። የ1.5 ዘመን ሊብቱል የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ በንጹሕ ሲ ፕሮጀክት ውስጥ የሲ ፕላስ ፕላስና የፎርትራን ኮምፓይለር ሲፈልግ ታገኙታላችሁ። ከ2.2 ወዲህ ይህ ተስተካክሏል፣ አዘምኑት።

የሚቀሩት እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። ሊኑክስ ላይ ኖሮ ማክ ላይ የሌለ የሲስተም ጥሪ። ተጠቃሚው ሊጭነውም ላይጭነውም የሚችል ላይብረሪ። ኤሲ ሲስ ላርጅፋይል። እነዚህን ጠብቁ።

እርምጃ 4፦ በትንሽ በትንሹ ሰርዙ፣ በየደረጃው አረጋግጡ

ከመጀመራችሁ በፊት አሁን ያለውን ኮንፊግ ዶት ኤች በሌላ ስም አስቀምጡ። የተሠራውን ፕሮግራምም አስቀምጡ። አንድ ኮሚት አንድ ዓይነት ፍተሻ ብቻ ያውጣ። አንድ ነገር ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው ያኔ ይታወቃል።

ማንም የማያነበውን ስታወጡ ሁለቱን ኮንፊግ ዶት ኤች በዲፍ አወዳድሩ። መጥፋት ያለበት እናንተ ያወጣችሁት ስም ብቻ ነው። ሌላ ስም ከጠፋ ወይም መልሱ ከተለወጠ ቁሙ። ከዚያ የኦብጀክት ፋይሎቹን በቼክሰም አወዳድሩ። ኮዱ ያልተነካ ስለሆነ ባይት በባይት አንድ መሆን አለባቸው። ኮዱን የነካችሁ ከሆነ ግን የመስመር ቁጥር ስለሚለወጥ አሰርትና የዲበግ መረጃ ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። የአውቶኮንፍ ማክሮዎች እርስ በርስ ይጠራራሉ። አንዱ ማክሮ ሌላ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ያ ሌላው መጀመሪያ በተፈለገበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ይዘረጋል። ከላይ ያለውን ፍተሻ ስታወጡ፣ የጋራው ክፍል ወደ ታች ወርዶ በሼል ኢፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁኔታው እውነት ካልሆነ ያ ክፍል አይሮጥም፣ ከሱ በኋላ ያሉ ፍተሻዎችም በሙሉ ይሳሳታሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። በኮንፊገር ዶት ኤሲ ውስጥ ተራ የሼል ኢፍ አትጠቀሙ። ኤኤስ ኢፍ የሚለውን ማክሮ ተጠቀሙ፣ የሚያስፈልገውን ከኢፉ በፊት ያወጣዋል።

አውቶአፕዴት የሚባለው ትእዛዝም ይረዳል። ያረጁ የማክሮ ስሞችን በአዲሶቹ ይተካል። ግን ፍተሻው ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ፍርድ ለእናንተ ይተዋል። አውቶሪኮንፍን ሁሉም ዋርኒንግ በርቶ አስሩጡት። ጊዜ ያለፈባቸውን በስም ይነግራችኋል።

እርምጃ 5፦ የሚዋሹትን ፍተሻዎች አድኑ

እስከ አሁን ያወራነው ስለ ጊዜ ነው። ከጊዜው በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኼኛው ነው። ያረጀ ፍተሻ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፣ ማንም ሳያውቅ።

አሠራሩን አስቡት። ፍተሻው «ይህ ትንሽ ፕሮግራም ኮምፓይል ከሆነ ፊቸሩ አለ» ይላል። ካልሆነ የለም። ለምን እንዳልሆነ ግን አይጠይቅም። የድሮ ፍተሻዎች ኤክዚትን የሚጠሩት ኤስቲዲሊብ ዶት ኤችን ሳያስገቡ ነው። ሜይንንም ያለ ኢንት ይጽፉታል። ይህ በ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ተከልክሏል። ኮምፓይለሮች ግን ለረጅም ጊዜ በዋርኒንግ ብቻ ያልፉት ነበር። በ2023 ክላንግ 16፣ በ2024 ደግሞ ጂሲሲ 14 ይህን ኤረር አደረጉት። በዚያን ጊዜ እነዚያ ፍተሻዎች በሙሉ «የለም» ማለት ጀመሩ። ፊቸሩ ሲስተሙ ላይ አለ። የወደቀው የፍተሻው የሲ ኮድ ነው። ቢልዱ ግን በሰላም ያልቃል፣ አንድ አቅም የጎደለው ፕሮግራም ይዞ። ፌዶራና ጄንቱ የሚባሉትን የሊኑክስ ስርጭቶች የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ለማጽዳት በየፓኬጁ ዞረዋል።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ኮንፊግ ዶት ሎግን ክፈቱና ኢምፕሊሲት ዲክላሬሽን የሚለውን የኤረር ሐረግ ፈልጉ። የተገኘ እያንዳንዱ መስመር ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ኮድ በአሮጌ ኮምፓይለርና በአዲስ ኮምፓይለር ኮንፊገር አድርጉት። ሁለቱን ኮንፊግ ዶት ኤች በዲፍ አወዳድሩ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ መሆን አለበት። የተለየ መልስ የሰጠውን ፍተሻ ሄደሮቹን አሟልታችሁ እንደገና ጻፉት። ከሁሉ የተሻለው ግን ከአውቶኮንፍ 2.72 ወይም ከዚያ በኋላ ከወጣ ስሪት ጋር በሚመጣው ማክሮ መተካት ነው።

ፍተሻ ምን ያህል በዝምታ ሊዋሽ እንደሚችል በ2024 ዓለም አይቷል። መጋቢት ወር ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር አገኘ። መግቢያው ለተጠቃሚ ታሽጎ በሚለቀቀው ፋይል፣ በሪሊዝ ታርቦሉ፣ ውስጥ ብቻ የነበረ፣ በጊት ሪፖው ውስጥ ያልነበረ የኤም4 ፋይል ነበር። ከሱ ጎን ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። ላንድሎክ የሚባለውን የሊኑክስ መከላከያ የሚፈልገው የሲሜክ ፍተሻ ውስጥ አንዲት ነጥብ ገብታ ነበር። በነጥቧ ምክንያት ፕሮግራሙ መቼም ኮምፓይል አይሆንም። ስለዚህ መከላከያው ሁሌ «የለም» ይባላል። አንዲት ነጥብ! ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም። በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ኮንፊገር ስክሪፕትን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው የለምና መደበቂያው ምቹ ነበር። ዝርዝሩ ሲያጥር የሚያነበው ሰው ይገኛል።

ለደኅንነት የሚያስፈልግ ፊቸርን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በዝምታ አይጥፋ። ተጠቃሚው በአማራጭ «ይህ የግድ ይኑር» ማለት ይቻለው፣ ፍተሻው ከወደቀም ኮንፊገር በኤረር ይቁም።

እርምጃ 6፦ ኮምፓይለሩ የሚያውቀውን ኮምፓይለሩን ጠይቁ

የቀሩት ፍተሻዎች ሁሉ የራሳቸው ፕሮሰስ አያስፈልጋቸውም። ሄደር መኖሩን ብቻ ለማወቅ «ሃዝ ኢንክሉድ» የሚባል የፕሪፕሮሰሰር ጥያቄ አለ። ጂሲሲ ከ5 ጀምሮ ይደግፈዋል፣ ክላንግም እንዲሁ። በሲ ፕላስ ፕላስ 17 እና በሲ23 ስታንዳርድ ሆኗል። ጥያቄው እዚያው ኮዱ ውስጥ፣ ለኮምፓይል በሚወስደው ጊዜ ይመለሳል። የባይት ቅደም ተከተልንም ጂሲሲና ክላንግ ባይት ኦርደር በሚባል ማክሮ አስቀድመው ይነግሯችኋል። ለሌላ ፕሮሰሰር ቢልድ ስታደርጉ ይህ ከማስሮጥ ፍተሻ እጅግ የተሻለ ነው።

ገደቡ ግን ይታወቅ። ሃዝ ኢንክሉድ ፋይሉ መኖሩን እንጂ ሲገባ መሥራቱን አያውቅም። ፈንክሽን በላይብረሪ ውስጥ መኖሩንም አይነግራችሁም። ለዚያ አሁንም ሊንከሩ ያስፈልጋል።

እርምጃ 7፦ የቀረውን አፍጥኑ

ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ካሽን መጀመሪያ ካበራችሁ ችግሩ ይሸፈናል፣ ዝርዝሩን የማጽዳት ፍላጎትም ይጠፋል።

ኮንፊገርን በትልቁ ሲ፣ ማለትም በዳሽ ሲ አማራጭ ስታስሮጡት መልሶቹን ኮንፊግ ዶት ካሽ ላይ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ያነባል። ኮምፓይለሩን ወይም የኮምፓይለር አማራጮችን ከቀየራችሁ ራሱ አውቆ በኤረር ይቆማል። አዲስ ላይብረሪ ብትጭኑ ግን አያውቅም፤ «የለም» የሚለውን የትናንት መልስ ይደግማል። ሲስተሙ ላይ ነገር ከተለወጠ ካሹን አጥፉ። ይህን ፋይል ሪፖ ውስጥ ኮሚት ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው፣ የእናንተን ማሽን መልስ ለሌላው ሰው መስጠት ነውና።

ሌላው ሼሉ ነው። ባሽ ከባድ ነው፣ ዳሽ የሚባለው ሼል ቀላል ነው። ኮንፊግ ሼል የሚባለውን ቫሪያብል ወደ ዳሽ አዙሩና ስክሪፕቱንም ራሱን በዳሽ አስሩጡት። ስክሪፕቱ የባሽ ብቻ የሆነ አጻጻፍ ካለበት ይወድቃል። ያም ቢሆን ሊታወቅ የሚገባው ስህተት ነው።

ሲሜክና ሜሶን ላላችሁ

ወደ አዲስ መሣሪያ መሄድ ብቻውን አያድንም። ብዙ ፕሮጀክት ሲዛወር ያንኑ የ1990ዎቹ ዝርዝር ተሸክሞ ነው የሄደው። እርምጃ 2 እና 3 ለእናንተም እንዳሉ ይሠራሉ።

ሲሜክ ከ3.18 ጀምሮ የፕሮፋይሊንግ አማራጭ አለው። የሚሰጣችሁን ፋይል በክሮም ብራውዘር የትሬስ ገጽ ላይ ከፍታችሁ የትኛው መስመር ጊዜ እንደበላ ማየት ትችላላችሁ። ፈንክሽን ለመፈተሽ ቼክ ፈንክሽን ኤግዚስትስ ከሚለው ይልቅ ቼክ ሲምቦል ኤግዚስትስ የሚለውን ተጠቀሙ። የፊተኛው ሄደሩን አያይም፣ እንደ ማክሮ የተጻፈ ፈንክሽንም ያመልጠዋል። ሲሜክ «የለም» የሚለውንም መልስ ካሽ እንደሚያደርግ አትርሱ። ላይብረሪ ከጫናችሁ በኋላ ፍሬሽ የሚለውን አማራጭ ስጡት፣ ከ3.24 ጀምሮ አለ። ፍተሻ ለምን እንደወደቀ ለማወቅ ከ3.26 ወዲህ ኮንፊገር ሎግ የሚባል የያምል ፋይል ይጻፋል። እርምጃ 5 ላይ ያልኩትን ፍለጋ እዚያ ላይ ሥሩት።

ተመልሶ እንዳያድግ

የፍተሻ ዝርዝር ካልተጠበቀ በዓመቱ ተመልሶ ያብጣል። ሁለት ነገር በቂ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ፍተሻ ከላዩ ኮሜንት ይኑረው። ኮሜንቱ መልሱ «የለም» የሚሆንበትን አንድ ሲስተም ከነስሪቱ ይጥቀስ። የዚያን ሲስተም ድጋፍ ስታቋርጡ የትኞቹን ፍተሻዎች እንደምታወጡ በአንድ ግሬፕ ታገኛላችሁ። ኮድ ሪቪው ላይ ስም ያልተጻፈለት ፍተሻ ከመጣ፣ ስሙ እስኪጻፍ መልሱት።

ሁለተኛ፣ የኮንፊግ ዶት ኤችን ቅጂ ለምትደግፉት ለእያንዳንዱ ሲስተም ሪፖ ውስጥ አስቀምጡ። አውቶማቲክ ቴስቱ በየኮሚቱ አዲሱን ከተቀመጠው ጋር ያወዳድር፣ ልዩነት ካለም ይውደቅ። ልዩነቱ ትክክል ከሆነ ቅጂውን በዚያው ኮሚት አድሱት። አዲስ ኮምፓይለር ሲመጣ የትኛው ፍተሻ መልሱን እንደቀየረ በዚያው ቀን፣ ከነስሙ ታያላችሁ።